«ጨጓራ አለብኝ»፦ በየቤታችን የማይቆጠረው ወጪ

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ከመድረክ አይሰበክም፤ ባልና ሚስትም ቁጭ ብለው ሲመካከሩበት እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ በብዙዎቻችን ኪስ፣ በእጅ ቦርሳችንና በአልጋችን ራስጌ ይገኛል። እርሱም የጨጓራ መድኃኒት ነው።

በአገራችን «ጨጓራ» የአካል ክፍል መሆኑ እስኪረሳ ድረስ የበሽታ ስም ሆኗል። ቃር ያስቸገረውም፣ ሆዱ የሚነፋውም፣ ከምግብ በኋላ የሚከብደውም፣ ሌሊት ባዶ ሆዱን የሚያቃጥለውም ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት እናት ይህንኑ ሲናገሩ የሰማቸው ባለሙያ ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ጨጓራ የሌለው ሰውማ የለም፤ እስኪ የሚሰማዎትን ይንገሩኝ» አላቸው። በቦታው የነበርን ሁሉ ሳቅን። የዚያ ጥያቄ ዋጋ የገባኝ ግን ነገሩ በራሴ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

ዕቃ ስንሸክፍ የተገኘው

ቤት ለመቀየር ዕቃ ስንሸክፍ የባለቤቴን መጻሕፍት በካርቶን እደረድር ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከጠረጴዛው መሳቢያና ከአሮጌ ካፖርቱ ኪስ የወጡት ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያዎች አንድ ፌስታል ሞሉ። አብዛኞቹ የኦሜፕራዞል ነበሩ። ይህ አላስደነቀኝም፤ ባለቤቴ ለስምንት ዓመት ያህል ጨጓራውን ሲታመም አውቃለሁ። በመካከላቸው ግን የማላውቀው ሌላ መድኃኒት አገኘሁ፤ ዲክሎፌናክ ይላል።

«ይህስ የምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የጉልበቴ ነው። ብዙ ቆሜ ሳገለግል ስለሚያመኝ እወስደዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ የቀረውን ነገረኝ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ደረጃ ሲወጣም ያዞረዋል። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ «የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ወቅት ነው፤ ሌላ ወጪ ላመጣብሽ አልፈለግሁም» አለ።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። የተቀበለችን ወጣት የጤና መኮንን መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ፓስተር፣ ከጨጓራ መድኃኒቱ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል ነበር። ባለቤቴ በእነዚያ ስምንት ዓመታት በልዩ ልዩ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ሲመላለስ ይህን የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ እርሱም በራሱ አልተናገረም። በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተባለ። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራው ቆስሎ ቀስ በቀስ ይደማ ነበር። በምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም ተገኘበት። ደሙ በጣም ወርዶ ስለነበር ደም ተሰጠው። ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ቀሪውን ሳይጨርስ ተወው።

ባለቤቴ ወጪ ለማዳን ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን ከሁሉ የበለጠውን ወጪ አመጣብን። ለሕይወቱም ጥቂት ነበር የቀረው።

ጨጓራን የሚያቆስለው ምንድን ነው?

ጨጓራችን ምግብ ለመፍጨት ብርቱ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ጨጓራውን ራሱን እንዳይጎዳ የውስጥ ግድግዳው በሚያዳልጥ ፈሳሽ ተሸፍኖ ይጠበቃል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ችግሩ ይህ ንጥረ ነገር የጨጓራን መከላከያ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የጉልበቱን ሕመም ሲያስታግስ የጨጓራውን ጥበቃም ያነሣል። ብዙዎች «በመርፌ ከተወጋሁ ጨጓራዬን አይነካም» ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በመርፌም ቢገባ በደም አማካይነት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ባለቤቴ በአንድ ገንዘብ የሚያቆስለውን፣ በሌላ ገንዘብ ደግሞ ቁስሉን የሚያስታግሰውን ሲገዛ ኖሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ ነው። ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። አሲድን የሚቀንሱ አዳዲስ መድኃኒቶች ሲመጡ፣ ማለትም ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ በ1988 በስዊድን ለገበያ ሲቀርቡ፣ ለታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ሆነ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቁስሉ በብዙዎች ላይ ይመለስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ በላብራቶሪ ለማሳደግ ቻሉ። ብዙ ባለሙያዎች አላመኗቸውም፤ በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ይባል ነበርና። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ጨጓራውም መቆጣቱ በምርመራ ታየ። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ግኝት በኋላ ብዙ ዓመት መድኃኒት ሲጠይቅ የኖረ ቁስለት በጥቂት ሳምንት ሕክምና የሚድን ሆነ።

ይህ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል በአፍ በኩል ይተላለፋል። በውስጣቸው ይዘውት የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ምንም ሕመም አይሰማቸውም። ስለዚህ ባክቴሪያው መገኘቱ ብቻ የሕመሙ ሁሉ ምክንያት እርሱ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛም አለ፤ ይህኛው ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነው። ስለ ጨጓራቸው ከሚያማርሩ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ በኢንዶስኮፒ ቢታዩ ቁስለት አይገኝባቸውም። ሕመማቸው ግን የውሸት አይደለም። የጨጓራቸው እንቅስቃሴና ስሜት ስለተዛባ በትንሽ ነገር ይታወካል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው በየዓመቱ አዲስ ምርመራና አዲስ መድኃኒት ሳይሆን፣ ሁኔታውን በእርጋታ የሚያስረዳው ባለሙያና የአኗኗር ለውጥ ነው።

አንድ ማዘዣ፣ ስምንት ዓመት

እንግዲህ ነገሩ እንዴት ይበላሻል? ታማሚው «ጨጓራዬን» ይላል። ከፊቱ ብዙ ሰው የተሰለፈበት ባለሙያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስላለው ካፕሱል ያዝዛል። ካፕሱሉ ያሻለዋል። ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ ታማሚው ግን ወደ ጤና ጣቢያ አይመለስም፤ የድሮውን ማሸጊያ ይዞ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ለአራት ሳምንት የታሰበው መድኃኒት በዚህ መንገድ የዕድሜ ልክ ቀለብ ይሆናል።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያዎች ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። እኛስ? ባለሙያ መርምሮን «መድኃኒት አያስፈልግዎትም፤ ቡናውን ይቀንሱ» ቢለን፣ «ባዶ እጄን ሰደደኝ» ብለን አናማም? ሦስት ዓይነት መድኃኒት ያዘዘልንን «ጎበዝ ሐኪም ነው» አንልም? በጸሎት ኅብረት መካከልስ «እኔን ያሻለኝ ይህ ነው» ብለን ከቦርሳችን አውጥተን የምንሰጣጣ ስንቶች ነን?

እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት በናይሮቢ ባደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ትክክለኛ የመድኃኒት አጠቃቀም ምን እንደሆነ ተብራርቷል። ባጭሩ ሰው ለሕመሙ የሚስማማውን መድኃኒት፣ በሚገባው መጠን፣ ለሚበቃ ጊዜ፣ ለእርሱም ለማኅበረሰቡም ባነሰ ዋጋ ያግኝ የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በ2004 ለመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች የወጣው የጨጓራ ሕክምና መመሪያም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያባብሱ መድኃኒቶችን ይመረምራል፤ ከዚያም ለአራት ሳምንት አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል ወይም የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ያዝዛል። ለረጅም ጊዜ የሚወስዱትን ደግሞ በየዓመቱ እየጠራ መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም ይቻል እንደሆነ ያያል። በእኛ ዘንድ የሚጎድለው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው። መድኃኒቱን የሚያስጀምረን አለ፤ «አሁንስ ያስፈልግሃል?» ብሎ የሚጠይቀን ግን ጥቂት ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አልነግራችሁም። በፍሬ ግን እንቁጠር። በቀን አንድ ኦሜፕራዞል ለስምንት ዓመት የሚወስድ ሰው 2,920 ካፕሱል ይውጣል። በብዙ ቦታ የሚታዘዘው የኤች ፓይሎሪ ሕክምና ደግሞ ለ14 ቀናት ሲሰጥ ኦሜፕራዞል 28፣ ባለ 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን 56፣ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክላሪትሮማይሲን 28፣ በድምሩ 112 ፍሬ ነው። ሐኪም እንደ ሁኔታው ሌላ ቅንብር ሊያዝዝ ይችላል። በአካባቢያችሁ መድኃኒት ቤት ዋጋቸውን ጠይቃችሁ ሁለቱን አስተያዩ።

አንዳንዶች «የ14 ቀኑን በአንድ ጊዜ መግዛት ይከብዳል» ይላሉ፤ እውነት ነው። ካፕሱሉ በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ አይታወቀንም። ደግሞም በአምስተኛው ቀን ሲሻላቸው የሚያቋርጡ አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ብክነት ነው። የወጣው ገንዘብ ይባክናል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለማመድና የሚቀጥለው ሕክምና ይከብዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል።

ወጪ ለመቀነስ የሚረዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። መድኃኒት ስትገዙ በንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን በዋና ስሙ ጠይቁ። «ኦሜፕራዞል» በብዙ ፋብሪካዎች በልዩ ልዩ ስም ይሸጣል፤ ፋርማሲስቱን «በዚሁ ዓይነትና መጠን ርካሽ አለ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ሂዱ፤ ደረጃውን ዘልሎ መሄድ ወጪውን በእናንተ ላይ ይጥለዋል።

ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ኦሜፕራዞል በደንብ የሚሠራው ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ከምግብ በኋላ ሕመሙ ሲነሣ ብቻ የሚውጡት «አልሠራልኝም» ብለው መጠኑን ይጨምራሉ። ነጩ ፈሳሽ አንታሲድ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከብረት እንክብልና ከአንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር አብሮ ከተዋጠ ሥራቸውን ያደናቅፋል። በመካከላቸው ስንት ሰዓት መኖር እንዳለበት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

የኤች ፓይሎሪ የደም ምርመራ ከሕክምና በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ መዳናችንን አያረጋግጥም። የሰገራ ምርመራው በዚህ ይሻላል። እርሱም ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጥ ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ይገባል። ይህን ሳያውቁ ሦስት አራት ጊዜ ለምርመራና ለመድኃኒት የከፈሉ እህቶችን አውቃለሁ።

ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዚየም እጥረት ሊያስከትል ይችላል። ደግሞም በድንገት ሲቆም አሲዱ ለጊዜው ከበፊቱ በልጦ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የዴንማርክ ጥናት የጨጓራ ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች የኦሜፕራዞልን ወገን ለስምንት ሳምንት ወስደው ሲያቆሙ ከ10 ሰዎች 4 ያህሉ ቃርና ማቃጠል ተሰማቸው። ስለዚህ ባቆማችሁ ሳምንት የሚሰማችሁ ሁሉ «በሽታዬ ተመለሰ» ማለት ላይሆን ይችላል። ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል። ቁስለት የነበረባችሁ ወይም ለልብ አስፕሪን የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አታቁሙ።

በቤታችሁ የቆየ ራኒቲዲን ካለ አትጠቀሙበት። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የተባለ ንጥረ ነገር ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል።

ስለ ምግብስ? በርበሬና ቡና ቁስለት አይፈጥሩም፤ የተቆጣ ጨጓራን ግን ያስቸግራሉ። የሚያውካችሁን ራሳችሁ ለዩ። ጥቂት ጥቂት መብላት፣ እራትን ቀደም ማድረግ፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛት ወጪ የለውም። ተልባ የሚስማማው ይጠጣ፤ ኤች ፓይሎሪን ያጠፋል ብሎ ግን አይታመንበት።

«እምነቴ አንሶ ነውን?»

መድኃኒት መውሰዳቸውን የሚደብቁ አገልጋዮችና ምእመናን እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱ በቤቴ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም ምክር መስጠቱን አናፍርበትም። ለብዙ ዓመት ደም ሲፈስሳት የነበረችውና ያላትን ሁሉ በባለ መድኃኒቶች የጨረሰችው ሴት ታሪክም በወንጌል ተጽፎልናል። ጌታ ለሕመሟ ብቻ ሳይሆን ለባከነ ዘመኗና ለባዶ ኪሷም ራርቶላታል ብዬ አምናለሁ። እንጸልያለን፤ እንታከማለንም። በመድኃኒት ላይ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ጾም ከመጀመራችሁ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከባለሙያ ጋር አስተካክሉ።

ለባልና ሚስት

እኛ ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ይዘናል። እያንዳንዳችን የምንወስደውን መድኃኒት፣ የጀመርንበትን ቀን፣ ማን እንዳዘዘውና መቼ እንደሚያበቃ እንጽፍበታለን። ለራስ ምታት የተዋጠችው እንክብል ሳትቀር ትጻፋለች። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደብተሩን ይዘን አብረን እንገባለን። ሦስት ጥያቄም እንጠይቃለን፦ ሕመሙ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ግን መድኃኒት ቤት ሳይሆን ጤና ተቋም ሂዱ፦

- ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት
- እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር (የብረት እንክብል የሚወስዱም ሊጠቁርባቸው ስለሚችል ይህን ለባለሙያው ይንገሩ)
- ያለ ምክንያት መክሳት ወይም የደም ማነስ
- ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ የማያቋርጥ ትውከት
- በጎልማሳነት ዕድሜ ማብቂያ ላይ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ሕመም
- ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመም፤ ይህ የልብ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይቆይ

ባለቤቴ የ14 ቀኑን ሕክምና ጨረሰ፤ ሐኪሙ እስካዘዘለት ጊዜ ድረስ ኦሜፕራዞሉን ወስዶ አቆመ፤ በድጋሚ ምርመራም ባክቴሪያው አልተገኘበትም። ዲክሎፌናክ ወደ ቤታችን አይገባም። ጉልበቱ ግን አሁንም ያመዋል። ሐኪሙ የፈቀደለት ፓራሲታሞል ነው፤ ሲጠናበት ደግሞ በመድረኩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰብካል። መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ ጉባኤው ግን ወዲያው ለመደው።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ መሳቢያውን አብራችሁ ክፈቱ። ያገኛችሁትን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ዘርጉና፣ «ይህ የምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ተባባሉ። ምናልባት እኔ በስምንት ዓመቴ የጠየቅሁትን እናንተ በጊዜ ትጠይቁ ይሆናል።